ዝገቱን ፍቁ፣ አያቴን ግን ተዉልኝ

ያንን ጽሑፍ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው፣ «አንተን ነው የሚመለከተው» ብሎ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛውን በቅጡ አላውቀውም፣ ግን እሱም «እስቲ ምን ትላለህ?» ይላል። እሺ፣ እላለሁ።

ላልደረሳችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ከገጠር የመጣ የአያታቸውን ውጅግራ ለአንድ ብየዳ ቤት ሰጥተው «አዲስ» እንዳስደረጉት ይተርኩና ለሌሎቻችን ምክር ይሰጣሉ። ውጅግራ ከዓድዋ የተማረከ የጣሊያን ጠመንጃ ነው ይላሉ። ብረቱ ላይ ያለው 1874 የተሠራበት ዓመተ ምሕረት ነው ባይ ናቸው። ምክራቸው ደግሞ ይህ ነው፦ ዝገቱ በግራይንደር ይነሳ፣ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ይቀባ። ሲያልቅ አንድ ሁለቴ ተኩሶ መሞከር ነው። የአያት ንብረት ስለሆነ ፈቃድ ምናምን አያስፈልገውም፣ ውጭ አገር ቢሸጥ ደግሞ ሚሊዮን ያወጣል። መጨረሻ ላይ «ለነገሩ የፈረንጅ ብረት ነው፣ የእኛ ቅርስ የሚባለው ምኑ ነው?» ብለው ይዘጋሉ። ከላይ የዓድዋ ምርኮ ያሉትን ጠመንጃ ማለት ነው።

ሁለት ፎቶም አለ፣ «በፊት» እና «አሁን» የሚል። የ«በፊት»ዋን ፎቶ ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ አናጢ ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ሥራዬ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ነው። ግን አሮጌ እንጨት እወዳለሁ፣ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ የተሰነጠቀ ሳጥን፣ የተሰበረ አትሮንስ ያመጣልኛል። አንዳንዴ ደግሞ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ የአባቱን ጠመንጃ ሰደፍ የሚያሳየኝ አለ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ይህን ነገር ግን በጥፋት ስለተማርኩት አልረሳውም።

ከስሙ እንጀምር። ውጅግራ የጣሊያን አይደለም፣ የፈረንሳይ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። «ፉዚል ግራ» ማለት የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ ደግሞ ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት በወረቀት ጥይት ይሠራ የነበረውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ አሻሽሎ የብረት ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጎርስ አደረገው። ፉዚል ግራ በእኛ አፍ ሲገላበጥ ፉሲግራ፣ ውጅግራ ሆነ። እንዲህ ያለ ስም ብዙ አለን። ምንሽር ከማንሊከር ነው። ሰናድር ከስናይደር ነው፣ መቅደላ ላይ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት። ቤልጅግማ አገሩን ይዞ ነው የመጣው።

ታዲያ ዓድዋ ላይ ጣሊያኖቹ ምን ይዘው ነበር? በብዛት ቬተርሊ። የ1870 ሞዴል፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ወፍራም ጠመንጃ። በዚያ ጊዜ ካርካኖ የሚባለው አዲሱ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ አገራቸው ገብቶ ነበር፣ ግን ወደ አፍሪካ ለተላከው ጦር አሮጌውን ሰጡት። ስለዚህ የዓድዋ ምርኮ ካላችሁ ቬተርሊ የመሆን ዕድሉ ነው የሚበዛው። ውጅግራ በሌላ በር ነው የገባው። ፈረንሳይ በፈረንጅ 1886 ለቤል የሚባል ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ስታወጣ ውጅግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነና በመቶ ሺዎች መጋዘን ውስጥ ቀረ። ነጋዴዎች እየገዙ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ለምኒልክ አመጡት። በገንዘብ የተገዛ ነው፣ በቡናና በዝሆን ጥርስ የተገዛም አለ። ዓድዋ ላይ ውጅግራ አልነበረም እያልኩ እንዳልሆነ ያዙልኝ። ነበረ፣ እንዲያውም በብዛት። ግን በእኛ በኩል ነው የነበረው! ጸሐፊው የአያታቸውን ጠመንጃ ሳያውቁት ለጠላት ሰጡት።

1874ን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ብረቱ ጎን ላይ በተጠላለፈ የእጅ ጽሑፍ መሳይ ፊደል የፋብሪካው ስም ይነበባል፣ ሴንት ኤትየን ወይም ቱል ወይም ሻተልሮ። ከዚያ ሞዴል 1874 ይላል። ይህ የሞዴሉ ስም ነው። በዚያ ሞዴል የተሠራ ሁሉ፣ ከዓመታት በኋላ የወጣውም ሳይቀር፣ ይህንኑ ይዞ ነው የሚወጣው። ዘመኑም የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1866 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም አፄ ዮሐንስ ነግሠው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ። የተሠራበትን ዓመት የምትፈልጉ በርሜሉ ላይ የታተመውን ሌላ ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እንጨቱ አጠገብ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ግራይንደር ካልነካው ይነበባል።

ግራይንደር ካልነካው። ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

በ2003 ክረምት አያቴ የተወው ውጅግራ ከሐሙሲት ወጣ ካለ ሰፈር ወደ እኛ ቤት መጣ። እኔ ሥራ ቤቴን ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ እጄ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ካላብረቀረቀ የሠራሁ አይመስለኝም ነበር። ጠመንጃው ጥቁር ነው፣ የዓመታት ጥቀርሻ ከቅባት ጋር ተጋግሮበታል። ከምላጩ በስተኋላ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ እንጨቱ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሟል። ጠፍሩ አጥንት ሆኗል። አስቀያሚ ነው አልኩ። በምላጭ ሰንጥቄ አነሳሁት፣ ከሥራ ቤቱ ቆሻሻ ጋር ጣልኩት። ስንጥቁን በኮላ ሞልቼ አጣበቅኩ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ቀጥሎ ልሙን። ሁለት ቀን ሙሉ ፈቅሁ። ሦስት እጅ ቫርኒሽ። ሲያልቅ መስተዋት ሆነ።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። አየችው፣ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ «ይኸ የማን ነው?» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም። አያቴ ያንን ጠፍር እርጥቡን ሲጠመጥመው ጫፉን ወጥራ የያዘችለት እሷ ናት፣ ልጅ ሆና። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር የተሰነጠቀውን እንጨት ከብሎን በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ያሰረው። እኔ የተማመንኩበት የፋብሪካ ኮላ ከሁለት ክረምት በኋላ ለቀቀ። የእሱ ጠፍር ግን ስጥለው እንኳን አልላላም ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው «መጠገን ማለት አዲስ ማድረግ ነው» ሲሉ መልሴ ይኸው ነው። አዲስ ውጅግራ የፈለገ ሰው ፈረንሳይ አገር ይፈልግ፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ የቀረ አይታጣም። እኛ ዘንድ ያለውን ከዚያኛው የሚለየው እዚህ ያየው ነገር ነው። ጠፍሩ፣ በዋንዛ የተተካው ሰደፍ፣ እየታደነ ወይ እየታጀበ የተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ያለሰለሰው ጎኑ፣ በቢላ ጫፍ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል። እነዚህን ፍቃችሁ ስታነሱ የሚቀራችሁ እውነትም የፈረንጅ ብረት ነው። ስለዚህ የጸሐፊው የመጨረሻ ጥያቄ፣ «የእኛ የሚባለው ምኑ ነው» ያሉት፣ መልሱ ብየዳ ቤቱ ወለል ላይ ዱቄት ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ ይዛግ? አይዛግ። ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች እርጥበትን አናውቅም እንዴ! ሐምሌ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀላችሁት ኮት ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጨው እቃው ውስጥ ይረጥባል። ብረትማ ምን ይሆናል። ግን ዝገት ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቁ። ቀይ፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል አለ። እሱ አሁን እየበላ ያለ ነው፣ መነሳት አለበት። ሌላው ጥቁር ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ብረቱ ላይ እንደ ቆዳ የተኛ ነው። እሱ አርጅቶ የተቀመጠ ነው፣ ብትተዉት ይሻላል። ግራይንደር ሁለቱን አይለይም። እሱ የሚያውቀው መብላት ብቻ ነው፣ ከዝገቱ ጋር ማኅተሙን፣ ቁጥሩን፣ የብረቱን ጠርዝ አብሮ ይበላል።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጀመሪያ ፎቶ፣ ከሁሉም አቅጣጫ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት። ቀዩ ዝገት ያለበትን ቦታ ቀጭን የማሽን ዘይት አጠጥቼ ቢያንስ አንድ ቀን እተወዋለሁ። ከዚያ በነሐስ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ ሁልጊዜ ዘይቱ እንዳለ። ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭርም። የብረት ሽቦ ብሩሽ ወይም የድስት ማሻ ግን አይሆንም። ባረጀ ነጠላ ቁራጭ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ቀይ ማውጣቱን ሲያቆም እኔም አቆማለሁ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ «ትንሽ ልጨምርበት» ይላል። አትጨምሩ።

ብሎን ስትፈቱ ደግሞ ካቻቢቴው ከብሎኑ ራስ ጋር ልክ መግጠሙን እዩ። ያረጀ ብሎን ራሱ ከተላጠ አለቀ።

ቃታው፣ ጥይት ለማጉረስ የሚጎተተው ብረት፣ አልጎተት ካለ በመዶሻ አትምቱት። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኑግ ዘይት ነው። የድሮ ሰው ያገኘውን ይቀባ ነበር፣ ኑግ ደግሞ ሲሰነብት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ዝገት የመሰላችሁ ቡኒ ነገር የሴት አያታችሁ ዘይት ሊሆን ይችላል። ላምባ በጨርቅ አስነክታችሁ ብታቆዩት ይለቃል።

እንጨቱን ብርጭቆ ወረቀት አይንካው። አለቀ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ቆሻሻው ከበዛ በትንሹ በረጠበ። የእነዚህ ጠመንጃዎች እንጨት ድሮም ቫርኒሽ አያውቅም፣ ዘይት ነው የጠጣው። የተልባ ዘይት በመዳፍ እያሹ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ አንድ ቀን ማስደር፣ የተረፈውን መጥረግ። ቫርኒሽ ላይ ላዩን ይዘጋል፣ ከሥር ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ይላጣል፣ በተለይ እዚህ አገር። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጠመንጃ ላላችሁም ለሌላችሁም። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ከሞቀ በኋላ ያለ ክብሪት ይነሳል። እኔ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍት ባልዲዬ ሲጨስ ደርሻለሁ። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

አቀማመጥ ላይ ጸሐፊው «በፌስታል ጠቅልሉት» ብለዋል። በፌስታል የተጠቀለለ ብረት በክረምት ላብ ያልበዋል፣ መስከረም ላይ ስትፈቱት ታዩታላችሁ። በቆዳ ሽፋን ውስጥ ከትቶ ማክረምም ያው ነው፣ ቆዳ እርጥበት ይስባል። ዘይት የነካ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል፣ በወር አንዴ ገልጦ ማየት ነው። ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ካማራችሁ የጭቃውን ግድግዳ አያስነኩት።

«ተኩሶ መሞከር» የሚለውን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። ሰው ልጅ አለው፣ ዓይን አለው። ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ ነው፣ ዕድሜው ከ100 ዓመት አልፏል፣ ውስጡ ምን እንደበላው ከውጭ አይታይም። ጥይቱም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፣ ስለዚህ የሚሞክር ሰው የሚሞክረው ማን በምን እንደሞላው በማይታወቅ ቀለህ ነው። አዲሱ ባሩድ ደግሞ ግፊቱ ሌላ ነው። ቃታው የሚፈነዳው ከጉንጫችሁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። እንዲያውም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፣ የጎረሰ ጥይት እንደሌለው በሚያውቅ ሰው አስመርምሩት። «ባዶ ነው፣ ስንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ» የተባለ ጠመንጃ ጥይት ጎርሶ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ አላወራም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይደለም። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አስመዝግቡ። ፈቃድ የሌለው ወደ እኔ ቤትም ባያመጣው ደስ ይለኛል። ገዳም ወይም ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ እኔም እናንተም አንነካውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 አለ፣ ቅርስ የሚጠገነው ሲፈቀድ ነው፣ ከአገር የሚወጣውም እንደዚሁ።

ሚሊዮኑስ? ፈረንሳይ ውጅግራን በገፍ ነው የሠራችው። ውጭ አገር ገበያ ላይ ተራው ጥቂት መቶ ዶላር ነው የሚያወጣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ከእኛው አገር የወጡ ካርካኖ፣ ቬተርሊና ውጅግራ በብዙ ሺህ አሜሪካ ገብተው ሲቸበቸቡ ነበር፣ ዋጋው እንዴት ይወደድ? የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ሰብሳቢዎች አጉሊ መነጽር ይዘው የሚፈልጉት የእኛን ምልክት ነው። ብረቱ ላይ የታተመች አንበሳ፣ በአገራችን ጠጋኝ የተተካ እንጨት፣ ጠፍር። ለእሷ ጨምረው ይከፍላሉ። እኛ እዚህ ለብየዳ ቤት ከፍለን እናስፍቃታለን።

«የፈረንጅ ብረት» የሚለውን በከፊል መልሻለሁ፣ አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ከጣና ማዶ ቋራ የተወለደው ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀልጥ የነበረው ለምን ይመስላቸዋል? ከፈረንጅ መግዛት እንደማያዋጣ ገብቶት ነው። ሴባስቶፖልን ወደ 7 ቶን የምትመዝነውን ሰው እየጎተተ መቅደላ አደረሳት፣ ዛሬም እዚያው ናት። በፈረንጅ ሚሲዮናውያን እጅ ስለተሠራች የእኛ አይደለችም የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የቤልጅጉን ጠመንጃ ውሰዱ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም የተገዛውን። ፋብሪካው ራሱ የይሁዳ አንበሳን አትሞበት ነው የላከው። ያ ጠመንጃ ወረራው ሲመጣ ከሠራዊቱ እጅ ወደ አርበኛው እጅ ገባ፣ ጎጃምም ጎንደርም አምስት ዓመት ጫካ አደረ። የማን ነው እንበለው?

እኔ ከዚያ ጥፋቴ የተረፈችኝ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ናት። ከዓመታት በኋላ ቫርኒሹን ላነሳ ስሞክር የሰደፉን መጨረሻ የሚሸፍነውን ብረት ፈታሁት። ብርጭቆ ወረቀቴ ያልደረሰበት አንድ ጥግ ከሥሩ ቀርቷል። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ቢሸት ጭስ ጭስ ይላል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ይህን ጊዜ የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

እና ጸሐፊው፣ እርስዎን በአካል አላውቅዎትም፣ ቅያሜም የለኝም፣ እኔ የሠራሁትን ነው የሠሩት። ያቺን የ«በፊት» ፎቶዎን ግን አስፍቼ አየኋት። ከምላጩ በስተኋላ፣ ልክ እንደ እኔ አያት ጠመንጃ፣ የተጠመጠመ ጠፍር አለ፣ ዘጠኝ ዙር ቆጥሬያለሁ። «አሁን» በሚለው ላይ የለም። ብየዳ ቤቱ ወዲያው የሚጥል ካልሆነ ምናልባት ከጠረጴዛው ሥር ይኖራል። ነገ ጠዋት ሄደው ይጠይቁልኝ። ከተገኘ ሰደፉን ይዘው ወደ ሽምብጥ ይምጡ፣ ቫርኒሹን አብረን እናነሳለን፣ አልከፍልም ካሉም አልጠይቅዎትም።